አምስት ሰው፣ አንድ ማሽን

ዛሬ ሥልጠና ላይ ሁለት የፋይበር ገመድ ክሮችን ለመቀጠል ስድስት ጊዜ ሞክሬ አምስቱን አበላሸሁ። ስድስተኛው ያዘልኝ። የመቀጠያ ማሽኑ ስክሪን በመገጣጠሚያው የሚባክነው ብርሃን 0.02 ዲቢ (ዴሲቤል) ብቻ እንደሆነ ሲያሳየኝ ከደስታዬ ብዛት ጮህኩ። አሰልጣኛችን ጋሼ ግን ዝም ብሎ አየኝና "ሰሊቩንስ?" አለኝ። ረስቼዋለሁ! ስፕላይሱን፣ ማለትም የተቀጠለበትን ቦታ፣ የሚሸፍነው ቱቦ (ሰሊቭ) ፋይበሩ ከመቀጠሉ በፊት በአንዱ ጫፍ መግባት አለበት፣ ከተቀጠለ በኋላ በየት በኩል ታስገባዋለህ? ያቺን የመሰለች ስፕላይስ በገዛ እጄ በጠስኳት።

ፋይበር መስታወት ነው። ውፍረቱ 125 ማይክሮን፣ ብርሃኑ የሚሄድበት መሃሉ ደግሞ 9 ማይክሮን ገደማ። ሁለት እንዲህ ያሉ ክሮችን ፊት ለፊት አጋጥመህ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ታቀልጣቸዋለህ። ማሽኑ ብዙውን ነገር ራሱ ያደርገዋል፣ እውነት ነው፣ ግን የቆሸሸ ወይም ጠማማ የተቆረጠ ፋይበር ካመጣህለት እሱም ምንም አያደርግልህም። ሽፋኑን ትልጣለህ፣ በአልኮል ትጠርጋለህ (በደንብ ሲጸዳ ጭርር ይላል፣ ይሄን ድምፅ ወድጄዋለሁ)፣ በክሊቨር (በፋይበር መቁረጫው) ቀጥ አድርገህ ትቆርጣለህ፣ ከዚያ በኋላ ጫፉን በምንም አትነካም። እኔ ከቆረጥኩ በኋላ "ለማንኛውም" ብዬ እጠርግ ነበር። ሦስቱ የተበላሹት በዚሁ ነው።

ኮሌጅ እያለን ይሄን ሁሉ በቃላችን እንወጣው ነበር። ኦቲዲአር የሚባለው መለኪያ ብርሃን ልኮ የሚመለስበትን ሰዓት እየለካ ገመዱ ስንት ሜትር ላይ እንደተበጠሰ ይናገራል፣ ብለን ጽፈን ፈተና አልፈናል። መሣሪያውን ግን ያየነው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ያለው ሰውዬ ደግሞ ሁሌ ስብሰባ ላይ ነው። እዚህ ኮምቦልቻ ቢያንስ እንነካለን፣ ምንም እንኳ ለአምስት ሰው አንድ ማሽን ቢሆንም። ግማሹን ቀን የሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥለህ ታያለህ። ማየትና መሥራት ደግሞ ለየቅል ናቸው።

ጋሼ አንድ ሂሳብ አሠራን። ኤክስካቫተር 48 ኮር (48 ፋይበር ያለበት) ገመድ በጠሰ እንበል። መሃሉ ላይ አዲስ ገመድ ከገባ በሁለቱም በኩል ሲቆጠር 96 ስፕላይስ ነው። ሌሊት፣ ማንሆል አጠገብ፣ በባትሪ መብራት፣ ነጩን ከቢጫው እየለየህ። እኔ ለአንዷ ስድስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። ሁላችንም ሳቅን፣ ከዚያ ዝም አልን።

ደግሞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ቁልቁለት፣ የሐረጎ ነገር አለ። ባለፈው ሳምንት ደሴ ስንሠራበት የነበረውን ማሽን ይዘን ሐረጎን ወርደን መጣን፣ ልዩነቱ 600 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ጋሼም ሥራ ከመጀመራችን በፊት ማሽኑን አርክ ካሊብሬሽን (የብልጭታውን ማስተካከያ) አስደረገን። የአየሩ ግፊትና ሙቀቱ ሲቀየር ብልጭታውም ይቀየራል አለን። እኔ ቁልቁለቱን ስወርድ ጆሮዬ ሲደፈን ብቻ ነበር የማውቀው፣ ለካ ማሽንም ይሰማዋል።

ማታ ደሴ ስገባ እማዬ ጣቴን አየችው። ስባሪ ገብቶብኝ ነበር። ስባሪ ሁሉ ክዳን ባለው ሃይላንድ ውስጥ ነው የሚጠራቀመው፣ እኔ ግን አንዷን ጠረጴዛ ላይ ትቼ በእጄ ተደገፍኩባት። በዓይን አትታይም፣ ስትነካት ብቻ ነው የምታቃጥለው። እማዬ በወረንጦ አወጣችልኝና "የትምህርቱ ማለቂያ ይሄ ነው?" አለችኝ። "አብሽሪ እማዬ፣ ገና ነኝ" አልኳት።

ከተረፈው ገመድ ሁለት ሜትር ለምኜ ይዤ መጥቻለሁ። መላጡን ቤት ልለማመድ። ስትሪፐር (መላጫው) የለኝም፣ ነገ የአንዱን ልጅ እዋሳለሁ፣ እሱም ካበደረኝ።