ዘይት የሚያፈስ ኮፐርኪዮ በማጥበቅ ብቻ አይድንም

ያለችኝ መኪና በፈረንጅ የ1990 ሞዴል ማዝዳ ሚያታ ናት፣ ባለ 1.6 ሞተሯ። እኛ አገር ብዙ አትታይም ግን ሞተሯ ውስብስብ ስላልሆነ በገዛ እጄ መስራት ደስ ይለኛል። ሜክሲኮ ጋ መብራት ሲይዘኝ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ውስጥ ድረስ እየገባ ያስቸግረኝ ነበር፣ ኮፈኑን ከፍቼ ሳይ ከቫልቭ ኮፐርኪዮው፣ ማለትም ሞተሩን ከላይ ከሚከድነው ክዳን ስር የወረደው ዘይት የጋለው የጭስ ማኒፎልድ ላይ ይንጠባጠባል። ከኔ በፊት ምን ሲደረግ እንደኖረ ብሎኖቹ ራሳቸው ይናገራሉ፣ የአንዳንዶቹ ጭንቅላት ተፈግፍጓል፣ ማለትም ዘይት በታየ ቁጥር የሆነ ሰው እየመጣ ጠበቅ ጠበቅ አድርጎ ሄዷል።

ነገሩ እዚህ ጋ ነው ያለው። ዘይቱን የሚይዘው ብሎኑ ሳይሆን ከኮፐርኪዮው ስር የሚገባው ጓርኒሲዮኑ ነው፣ እሱ ደግሞ ጎማ ነው፣ በልኩ ተጨምቆ መልሶ ለመግፋት አቅም ሲኖረው ብቻ ነው የሚይዘው። ከልክ በላይ ካጠበቅከው ከቦዩ እየወጣ ይጠፈጠፋል፣ ኮፐርኪዮውም ብሎን ያለበት ቦታ ወደ ታች ይሳብና በሁለት ብሎኖች መሀል ያለው ቀና ይላል፣ ዘይቱ በዛው ይወጣል፣ ሰውየው ደግሞ ብሎኑ ላልቷል ብሎ እንደገና ያጠብቀዋል። በዛ ላይ ብሎኑ ባለ 6 ሚሊ ቀጭን ብሎን ነው፣ በ10 ቁጥር ቡሶላ የሚፈታ፣ የሚገባበት ቴስታታ (ከኮፐርኪዮው ስር ያለው የሞተሩ ራስ) ደግሞ አሉሚኒየም ስለሆነ ጥርሱ ቶሎ ይበላል።

የሞተሩ ማንዋል ለነዚህ ብሎኖች የሚለው የማጥበቂያ ጉልበት ከ4.9 እስከ 8.8 ኒውተን ሜትር ነው። በጣም ትንሽ ነው! የዚችው መኪና የጎማ ዳዶ እኮ 100 አካባቢ ነው የሚጠብቀው። ቁጥሩ በሌላ መለኪያ ከ50 እስከ 90 ኪሎግራም ሴንቲሜትር፣ በኢንች ፓውንድ ደግሞ ከ43 እስከ 78 ተብሎ ይጻፋል፣ ኢንች ፓውንዱን ፉት ፓውንድ ብሎ ያነበበ ሰው 12 እጥፍ እያጠበቀ ነው ማለት ነው፣ ብሎኑ እጁ ላይ ይበጠሳል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን መለኪያውንም አንብቡ፣ የሌላ መኪና ሞተር ከሆነ ደግሞ የራሱን ቁጥር ፈልጉ እንጂ የኔን አትውሰዱ።

ቶርክ ቁልፍ፣ ማለትም የተሞላለት ጉልበት ላይ ሲደርስ ቀጭ የሚል ቁልፍ፣ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ወረድኩ፣ በብዛት የሚገኘው ለቴስታታና ለጎማ የሚሆነው ትልቁ ባለ ግማሽ ኢንች ነው፣ እሱ ለዚህ ስራ አይሆንም፣ እዚህ ታች ያለውን ትንሽ ጉልበት በደንብ አይለካም፣ ቀጭ ሳይል ጥርሱ ያልቅልሃል። ዞሬ ዞሬ ሩብ ኢንች የሆነ ከ2 እስከ 24 ኒውተን ሜትር የሚለካ አገኘሁ። ጎረቤታችን ያሉ ጋራዥ ሲሰሩ የኖሩ ሰውዬ አዩትና «ለዚች ብሎን ደሞ መለኪያ? እጅህ አይነግርህም እንዴ ልጄ» አሉኝ። «ጋሼ የርስዎ እጅ ይነግርዎታል፣ የኔ ገና ነው» አልኳቸው፣ እውነቴን ነው፣ እሳቸው አጭሯን ቁልፍ በሁለት ጣት ይዘው ነው የሚያጠብቁት፣ እንደሱ ለመልመድ ዓመታት ይፈልጋል።

ስራውን የጀመርኩት ሞተሩ ሌሊቱን በርዶ ካደረ በኋላ ነው። መጀመሪያ ላዩን በደንብ ጠረግኩት፣ አሸዋ ካም (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ላይ እንዳይወድቅ። የካንዴላ ገመዶቹንና ሁለቱን የትንፋሽ ጎማዎች ነቀልኩ፣ የካንዴላ ጉድጓዶቹ ውስጥ ዘይት ተኝቶ ነበር፣ በጨርቅ አወጣሁት። ብሎኖቹን ከዳር ወደ መሀል ትንሽ ትንሽ እያላላሁ ፈታሁ። ኮፐርኪዮው ተጣብቆ እምቢ ሲል በካቻቪቴ መፈንቀል የለም፣ አሉሚኒየሙ ከተጫረ ሁልጊዜ ያፈሳል፣ በእጅ መዳፍ ጎን ጎኑን መታ መታ ሲደረግ ይለቃል። የድሮ ሲሊኮን ተለጥፎበት ነበር፣ በፕላስቲክ ፍቄ ገጹን በንጹህ ጨርቅና በብሬክ ማጽጃ ደረቅ እስኪል ጠረግኩት።

አንደኛው ቀዳዳ ጥርሱ አልቆ አገኘሁት፣ ብሎኑ ዝም ብሎ ይዞራል። ለሱ ሄሊኮይል፣ ማለትም አዲስ ጥርስ የሚሆን የሽቦ ጥቅል አስገባሁበት። ስትበሱ መብሻው ላይ ግሪስ ቀቡ፣ ፍቅፋቂው እሱ ላይ ይለጠፋል፣ ዙሪያውንም በጨርቅ ድፈኑት፣ አንዲት የብረት ቅንጣት ወደ ካሙ ከገባች ዘይቱ ይዟት ይሄዳል።

ከዛ አዲሱን ጓርኒሲዮን ኮፐርኪዮው ቦይ ውስጥ ዙሪያውን ጫን ጫን አድርጌ አስገባሁ፣ ሲሊኮን የሚቀባው ሁሉም ቦታ አይደለም፣ የካም ካፑ (ካሙን ከላይ የሚይዘው ቁራጭ) ከቴስታታው ጋር የሚገናኝባቸው ጥጎች ላይ ብቻ ነው፣ ምስር የምታክል ይበቃል፣ የተረፈው ወደ ውስጥ ገብቶ ዘይት መንገድ ይዘጋል።

ማጥበቁ ላይ አትቸኩሉ። ሁሉንም ብሎን ያለ ቁልፍ በጣቴ ብቻ እስከ መጨረሻው አስገባሁ፣ በጣት እምቢ ያለ ካለ ጠማማ ገብቷልና አውጥቶ እንደገና ነው። ጥርሳቸው ደረቅና ንጹህ መሆን አለበት፣ ዘይት የነካው ብሎን ቁልፉ ያው ቁጥር ላይ ቀጭ ቢልም ውስጡ የበለጠ ይሳባል። ከዛ ቁልፉን 5 ላይ አድርጌ ከመሀል ጀምሬ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ እያልኩ ወደ ዳር ወጣሁ፣ ቀጥሎ በዛው ቅደም ተከተል በ7። ሲያልቅ መሀል የነበሩት ላላ ብለው ነው የሚገኙት፣ ጎረቤታቸው ሲጠብቅ ጎማው ስለሚወርድ ነው፣ ስለዚህ በዛው በ7 አንድ ዙር ጨመርኩና ቁልፉ ዞር ሳይል ቀጭ ሲል አቆምኩ። 8.8 ይላል ተብሎ ጫፉ ድረስ መሄድ ግዴታ አይደለም፣ በተለይ ያረጀ ቴስታታ ላይ።

ሲሊኮኑ እንዲደርቅ አሳድሬ ሞተሩን አስነሳሁ፣ ዙሪያውን በነጭ ሶፍት ስጠርግ ደረቅ ነው፣ ከኋላ በኩል ብቻ ዘይት አገኘሁ። እዛ ጋ ብዙ ሰው ኮፐርኪዮው ነው ብሎ ብሎን ያጠብቃል፣ ግን ከስሩ የካሙን አዙሪት የሚያነበው ካም አንግል ሴንሰሩ አለ፣ የሱ ክብ ጎማ በእድሜ ብዛት እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ሴንሰሩ ሲፈታ ታይሚንግ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) እንዳይዛባ አቀማመጡን በእስክርቢቶ ምልክት አድርጌ አወጣሁት፣ ጎማውን ቀየርኩ፣ ምልክቱ ላይ መልሼ አሰርኩት፣ ከዛ ወዲህ ሽታም ጠብታም የለም።