ስለራሴ ጻፊ ሲሉኝ ስለ በርሜላችን ጻፍኩ

ለክረምቱ የምርምር ፕሮግራም ፐርሰናል ስቴትመንቴን፣ ማለትም አመልካች ስለራሱ የሚጽፈውን ጽሑፍ፣ ላክሁ። ዘንድሮ ለምታመለክቱ የባዮሎጂ ልጆች ይጠቅም እንደሆነ ምን እንደጻፍኩ ልንገራችሁ።

ብዙ ልጆች «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሳይንስ ልዩ ፍቅር ነበረኝ» ብለው ይጀምራሉ። ፍቅራቸውን አልጠራጠርም። ግን የሚያነበው ተመራማሪ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ላቦራቶሪ ውስጥ አብሮት የሚሠራ ሰው ይፈልጋል። ምን እንደሚያብሰለስላችሁ ማወቅ አለበት። ነጥባችሁን እንደሆነ ትራንስክሪፕቱ ይነግረዋል።

እኔን የሚያብሰለስለኝ ግቢያችን ያለው በርሜል ነው። እኛ ሰፈር፣ ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ፣ ቧንቧው ሁልጊዜ ውሃ የለውም፤ ሲመጣ ባለ በርሜሉም ባለ ሮቶውም ያጠራቅማል። በ2014 ዓ.ም. ዝናብ በሌለበት ወራት ድሬ በወባ ስትታመስ፣ ተመራማሪዎች ወረርሽኙን ከአኖፌለስ ስቴፈንሲ ጋር አገናኙት። ከእስያ የመጣች ትንኝ ናት፤ በአገራችን መጀመሪያ የተገኘችው በ2009 ዓ.ም. ቀብሪ ደሃር ላይ ነው። የለመድናት የወባ ትንኝ አረቢየንሲስ ዝናብ የተወውን ኩሬ ትወዳለች። ይህችኛዋ ግን ለቤት የተጠራቀመ ውሃ ይበቃታል፤ በጋ አያግዳትም።

ከበርሜላችን በጭልፋ ቀድቼ ሳይ ሁለት ዓይነት እጭ አገኘሁ። አንዱ ውሃው ላይ ጋደም ብሎ ይንሳፈፋል፤ የአኖፌለስ ወገን ነው። ሌላው ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል፤ የዴንጊ ትኩሳት አስተላላፊዋ ትንኝ ኤዴስ እንዲህ ናት። የወባና የዴንጊ ወገን በአንድ በርሜል!

ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ሳምንት ከምናምን ይበቃል። ስለዚህ በየሳምንቱ ደፍቶ ማጠብ ነው ምክሩ። ለእማዬ ስነግራት «አቦ ልጄ፣ ደፍቼ ምን ልጠጣ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄዋን እንዳለ ስቴትመንቱ መሃል አስገባሁት፤ ከዚያ የኔን አስከተልኩ፦ ውሃው ሳይደፋ ክዳን ብቻውን ይበቃል ወይ? በቀን ስንት ጊዜ የሚቀዳበት በርሜል በእውነት ተከድኖ የሚቆየው ስንት ሰዓት ነው?

የማልችለውንም ጻፍኩ። ያገኘሁት እጭ ስቴፈንሲ ይሁን ሌላ አኖፌለስ በዓይን አይቼ እርግጠኛ መሆን አልችልም፤ በዲኤንኤ መለየትን መማር እፈልጋለሁ። ለምን እዚህ ፕሮግራም ላይ እንዳመለከትኩ ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

አማካሪዬ የበጎ ፈቃድ ሰርተፊኬቶቹን አንቀጽ ሙሉ በሙሉ አስወጡኝ። ቅር ብሎኝ ነበር፤ አሁን ግን ልክ ነበሩ እላለሁ፤ ቦታው ለእማዬ ጥያቄ ተረፈ።

ባልፍም ባላልፍም የክዳኑን ጉዳይ እዚሁ እጀምረዋለሁ። ሳቢያንና መልካ ጀብዱ ያላችሁ፣ ቤታችሁ በርሜሉ በምን እንደሚከደን ንገሩኝ፤ ቆርቆሮ፣ ጨርቅ ወይስ ምንም?