በዋሽንግተን ዲሲ ወደ መምህርነቴ የተመለስኩበት መንገድ

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለአዲስ መጪ ሴት ምክር ስንሰጥ አብዛኛውን ጊዜ ነርስነት እንድትማር እንነግራታለን። አገር ቤት መምህርት የነበረችውን «ማስተማርሽን ቀጥዪ» የሚላት ሰው እምብዛም አይገኝም። እኔ ደብረ ብርሃን ሠልጥኜ፣ በሰሜን ሸዋ የገጠር ትምህርት ቤቶች ሳስተምር ቆይቼ በዲቪ የመጣሁ ነኝ። ዛሬ በዚህ ከተማ የሕዝብ ትምህርት ቤት ውስጥ የአራት ዓመት ሕፃናትን አስተምራለሁ። እንዴት እንደደረስኩ የሚጠይቁኝ እኅቶች ስለበዙ ጻፍኩት።

እንደ ብዙዎቻችን የጀመርኩት በሕፃናት ማቆያ ረዳትነት ነው። በ2016 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የከተማው አስተዳደር አዲስ ደንብ አወጣ። በማቆያዎች የሚሠሩ ረዳቶች ሲዲኤ የተባለውን የሙያ ምስክር ወረቀት፣ ዋና አስተማሪዎች ደግሞ ቢያንስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ እንዲይዙ የሚያዝ ነበር። ለዓመታት ልጅ ያሳደጉ ሴቶች ከሥራችን ልንባረር ነው ብለው ተጨነቁ። አብረውኝ የሚሠሩ እትዬ እያልኩ የምጠራቸው ትልቅ ሴት ግን «አንቺ እኮ መምህርት ነሽ፤ ሌላው የሚፈራው ነገር ለአንቺ ነው የመጣው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

ሲዲኤ 120 ሰዓት ሥልጠና፣ 480 ሰዓት ከሕፃናት ጋር የተሠራ ሥራ፣ ስለ ሥራሽ ራስሽ የምታዘጋጂው ማኅደር፣ ፈተና፣ እንዲሁም ክፍልሽ ድረስ መጥቶ የሚያይሽ ገምጋሚ ይጠይቃል። ከሁሉ የሚያደክመው ማኅደሩ ነው። ለምን እንዲህ እንደምታደርጊ በጽሑፍ ማስረዳት አለብሽ። አገር ቤት የትምህርት ዕቅድ ስትጽፍ የኖረች መምህርት ግን ይህን ሥራ ታውቀዋለች፤ የሚለወጠው ቋንቋው ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ኮሌጅ የፈለግሁት። ሰዎች ወደ ውድ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ሲመሩኝ እኔ የመረጥኩት የከተማውን ብቸኛ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሙሉ ስሙ የዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ሁላችንም ዩዲሲ እንለዋለን። በባቡሩ ቀይ መስመር ቫን ነስ ላይ ሲወርዱ እደጃፉ ነው። ለከተማው ነዋሪ ክፍያው ዝቅ ያለ መሆኑ አንዱ ምክንያቴ ነበር። ሌላው ምክንያቴ የዚህ ተቋም አንደኛው ሥር መምህርነት መሆኑ ነው።

ታሪኩን መናገር ደስ ይለኛል። በ1851 ዓ.ም. በዋሽንግተን ባርነት ገና ሕጋዊ ሳለ፣ ሚርቲላ ማይነር የተባለች የኒው ዮርክ ተወላጅ ነጭ መምህርት ነፃ ለሆኑ ጥቁር ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈተች። የጀመረችው በስድስት ተማሪዎች ነው። ዓላማዋ ማንበብና መጻፍ ከማስተማር ያለፈ ነበር፤ ልጆቹ በተራቸው አስተማሪ እንዲሆኑ ትፈልግ ነበር። ከባርነት አምልጦ ለጥቁሮች ነፃነት ይታገል የነበረው ፍሬድሪክ ዳግላስ ራሱ በመጀመሪያ ሐሳቡን እንደ እብደት ቆጥሮት ነበር። ተማሪዎቹ በመንገድ ይሰደቡ፣ ይደበደቡ ነበር፤ ቤቱም በ1860 በእሳት ተለኩሷል። ማይነር ከባርነት ለማምለጥ ሞክራ ተይዛ ከነበረችው ከኤሚሊ ኤድሞንሰን ጋር በግቢው ውስጥ ሽጉጥ መተኮስ ትለማመድ ነበር። ይህን ሳነብ ትምህርት ቤት መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ።

ማይነር ካለፈች በኋላ ትምህርት ቤቱ የከተማው የሕዝብ ትምህርት ሥርዓት አካል ሆነ። ከ1883 እስከ 1920 የመራችው ሉሲ ሞተን የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ርእሰ መምህርት ሆና እየሠራች ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቃለች፤ ወደፊት የሚያስተምሩት ሰዎች የልጆችን ጤና እንዲያውቁ ትሻ ነበርና። በከተማው ጥቁር ልጆች ትምህርት ቤቶች ያስተማሩ ብዙ መምህራን በእጇ አልፈዋል። ተቋሙ በ1929 አራት ዓመት የሚያስተምር የማይነር መምህራን ኮሌጅ ሆነ። ነጮችን የሚያሠለጥነው ዊልሰን የሚባለው ኮሌጅ ለብቻው ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 በትምህርት ቤት የዘር መለያየትን ከከለከለ በኋላ፣ በ1955 ሁለቱ አንድ ሆኑ፤ በ1977 ደግሞ ከሌሎች ሁለት የከተማው ኮሌጆች ጋር ተዋሕደው የዛሬው ዩዲሲ ተፈጠረ። በ1914 የተሠራው የማይነር ሕንፃ አሁንም በጆርጂያ ጎዳና ከሃዋርድ አጠገብ ቆሟል። ከእኛ ሰው በየቀኑ በዚያ የማያልፍ ጥቂት ነው፤ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት በክፍል ውስጥ ስላየሁት ነው። አብረውኝ የሚማሩት አብዛኞቹ ቀን ሠርተው ማታ የሚመጡ፣ ልጅ ያላቸው፣ አንዳንዶቹም የልጅ ልጅ ያዩ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ነበሩ። ሥራና ቤተሰብ ያላት ተማሪ እንግዳ አልነበረችም። አነጋገሬን የሰማ ሰው ዝቅ አድርጎ አላየኝም። ይልቁንም የገጠር ክፍል ውስጥ ስድሳና ከዚያ በላይ ልጆችን በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ ማስተማሬን ሲሰሙ እንዴት እንደሠራሁት ይጠይቁኝ ጀመር። ለመናገር ድፍረት ያገኘሁት ከእነርሱ ነው።

ለመግባት ያስጨነቀኝ የወረቀቱ ጉዳይ ነበር። የአገር ቤት ትምህርት ዋጋ የሚያገኘው የውጭ ማስረጃዎችን የሚገመግም ድርጅት ኮርስ በኮርስ ሲያየው ነው። ስለዚህ ከተማራችሁበት ኮሌጅ በታሸገ ፖስታ፣ በማኅተምና በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የውጤት ማስረጃ ያስፈልጋል። ለእኔ የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን እየተመላለሰ ነው ያስጨረሰልኝ። የውጤት ማስረጃው ላይ ኮርሱ ያለው በስሙ ብቻ ነው፤ ምን እንደተማራችሁ የሚገልጸው የኮርስ ዝርዝር አብሮ ቢኖር የሚታሰብላችሁ ክሬዲት ሊጨምር ይችላል። ገና ያልመጣችሁ ከሆነ ሻንጣ ከማሰናዳታችሁ በፊት ይህን ጨርሱ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከት ይችላል፤ ማመልከቻው ፋፍሳ ይባላል፣ ለመሙላትም ገንዘብ አይከፈልበትም። ገንዘብ ተቀብለው እንሞላላችኋለን የሚሉትን አትስሙ።

ከተማርኩት ሁሉ ሥራዬን የለወጠው ልጅን ተመልክቶ መጻፍ ነው። መምህራችን ሕፃናት የሚጫወቱበት ክፍል ጥግ አስቀመጠችንና ያየነውን እንድንጽፍ አዘዘችን። እኔ «ልጁ ተናዶ አስቸገረ» ብዬ ስጽፍ፣ «ቁጣውን በየት በኩል አየሽው?» አለችኝ። ከዚያ አብረን ጻፍነው፦ «ግንቡ ሲፈርስበት እንጨቱን ወረወረ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ሌላ ልጅ ሲቀርበው ትከሻውን ሰበቀ፤ ትንሽ ቆይቶ የወደቀውን እንጨት አነሣ።» ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያቸው የመጀመሪያው ስለ ልጁ ምንም እንደማይነግረኝ ተረዳሁ። ሁለተኛው ግን ልጁ በራሱ ተረጋግቶ ወደ ሥራው መመለስ እንደሚችል ያሳየኛል፤ ነገ ምን ልሰጠው እንደሚገባም ይጠቁመኛል። ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል እያንዳንዱን እንዲህ ማየት አይቻልም ይሉኝ ይሆናል። በቀን ሁለት ልጅ ማየት ይቻላል። ይህን አገር ቤት ሳለሁ ባውቀው ኖሮ እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

እኔ የወሰድኩት የመምህርነት መግቢያ ፈተና ፕራክሲስ ኮር ይባላል፤ ንባብ፣ ጽሑፍና ሒሳብ አለው። ሒሳቡ አገር ቤት በደንብ ለተማረ ሰው አያስቸግርም። ጽሑፉ ግን በሠላሳ ደቂቃ አንድ ድርሰት፣ እንደገና በሠላሳ ደቂቃ ሌላ ድርሰት የሚጠይቅ ነውና በሰዓት እየለኩ መለማመድ ይገባል። የመጀመሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ላልሆነ ተፈታኝ ተጨማሪ ሰዓት ይፈቀዳል፤ የሚፈቀደው ግን ከቀጠሮው በፊት ላመለከተ ነው። ይህን የነገረችኝ በመጨረሻው ረድፍ የምትቀመጥ የኤርትራ ተወላጅ ናት። ለመምህርነት ፈቃድ የሚጠየቁት ፈተናዎች በየጊዜው ስለሚለዋወጡ ከመመዝገባችሁ በፊት ኮሌጁን ጠይቁ።

ከባዱ ወቅት የመጨረሻው የማስተማር ልምምድ ነው። ሙሉ ቀን በትምህርት ቤት ትውላላችሁ፤ ለእኔ ደመወዝ አልነበረውም። እኔና ባለቤቴ አስቀድመን ዕቁብ ገብተን ነበር፤ የመጨረሻዎቹን ዕጣዎች ለእኔ ስለተዉልኝ የቤት ኪራዩን በዚያ ተወጣነው። አሠሪዬም ከልምምዱ በኋላ እንድመለስ ተስማማችልኝ፤ ስምምነቱን ግን በጽሑፍ ነው የያዝኩት። ዕቁብ የሌላችሁ ልምምዱ ከመድረሱ ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሩ።

አሁን ባለሁበት ክፍል ቤታቸው አማርኛ የሚነገርባቸው ልጆች አሉ። በ2004 በወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም ያገለግላሉ፤ ወላጆችም በስብሰባ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታቸው ነው፤ ብዙዎቹ ግን አይጠይቁም። ልጆቻቸው እንግሊዝኛ ቶሎ እንዲለምዱ ብለው በማይቀናቸው እንግሊዝኛ የሚያናግሯቸው እናቶችና አባቶች በየዓመቱ ይገጥሙኛል። በአማርኛ ተረት ንገሯቸው፣ ዕቃ ስትገዙ ቁጠሩላቸው፣ ሲያለቅሱ በምታውቁት ቋንቋ አባብሏቸው እላቸዋለሁ። ሐሳቡን በአማርኛ አሟልቶ መናገር የለመደ ልጅ እንግሊዝኛውን እዚህ ከእኔና ከጓደኞቹ ይወስደዋል። ወላጆቹ ይህን ከእኔ ሲሰሙ ያምኑታል፤ መምህርት የሆንኩበትን ያን ሁሉ ልፋት የማልቆጭበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።