በአየር የምትዞረዋ ሞተሬ እዚህ ደርሳለች

ሞተሯ ዞራለች! መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ትንሽዬ ናት። ነዳጅ የለ፣ መብራት የለ። አየሩን የምታገኘው ከአሮጌ የባጃጅ ጎማ ነው፤ ከነቸርኬው ጅማ መርካቶ አካባቢ ያገኘሁት። ጎሚስታ ቤት ወስጄ 2 ባር አስሞላዋለሁ።

«ይቺ ደግሞ ምን ትፈጫለች?» አለኝ የጎሚስታው ልጅ።

«ምንም። ትዞራለች።»

ስሌቱ ቀላል ነው። 2 ባር ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 2 ኪሎ ገደማ ግፊት ነው። የፒስተኔ (አየሩ የሚገፋው ክፍል) ዲያሜትር 2 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 3.14 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ 6 ኪሎ ያህል ይገፋል፤ ለእሷ ከበቂ በላይ።

ቫልቭ (አየሩን እየከፈተ የሚዘጋ ክፍል) የሚባል ነገር የላትም። ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር ራሱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል። አንድ ጎን ሲያዘነብል ቀዳዳው ከአየር መግቢያው ጋር ይገጥማል፤ በሌላ ጎን ሲያዘነብል ከመውጫው ጋር ይገጥምና «ጭስ!» ብሎ ያስተነፍሳል።

ጣጣው ያለው ሲሊንደሩና የአየር መግቢያና መውጫ ያለበት ሳህን የሚነካኩበት ፊት ላይ ነው። እዚያ ትንሽ ክፍተት ካለ አየሩ በጎን ያመልጣል፣ ጎማው በከንቱ ይራገፋል። እኔ ብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ ዘርግቼ፣ ጠብታ ዘይት ጨምሬ፣ ፊቱን በክብ በክብ አሸዋለሁ። መጀመሪያ ፊቱን በማርከር ቀቡት። ታሽቶ ቀለሙ ያልለቀቀበት ቦታ ገና ጎድጓዳ ነው ማለት ነው። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ በኋላ የሳሙና አረፋ ቀብቼ ሳየው የምታፈሰው አየር በጣም ቀንሷል። አሁን ጎማው ሊራገፍ ሲል እንኳ ትዞራለች። ኃይል ለመጨመር ግፊት ከመጨመር ይልቅ ማፍሰሱን መድፈን ይሻላል ባይ ነኝ።

ፈረንሳይ ናንት ከተማ ውስጥ ከ1879 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በታመቀ አየር የሚሄዱ ትራሞች ነበሩ። አየር ሲለጠጥ ስለሚቀዘቅዝ በሙቅ ውሃ ያሞቁት ነበር። የኔዋ እዚያ ደረጃ ገና ናት። የጅማ ክረምት ግን ሌላ ጣጣ አለው፦ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ሲታመቅ ውሃ ይቋጥራል፤ ከተጠቀማችሁ በኋላ ውሃውን አራግፉት፣ ዘይትም ጠብ አድርጉ።

አንድ ነገር አደራ፦ ለአየር ማጠራቀሚያ የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ እንዳትጠቀሙ። ሲፈነዳ ስብርባሪው እንደ ጥይት ነው።

ቀጥሎ በሁለቱም ጫፍ አየር የሚገፋው ፒስተን ልሠራ ነው። ከበድ ያለ፣ ያልተጣመመ መዘውር (ዙሩን የሚያስቀጥል ከባድ ጎማ) የት እንደሚገኝ የምታውቁ ጠቁሙኝ።