ንጉሡ ሠ

ፋሲካ ሊገባ ነው። ትናንት ማታ ልጄን የኦሪት የቤት ሥራዋን ሳግዛት አንድ ቃል ላይ ተተክዬ ቀረሁ። ግብፅ ውስጥ እስራኤላውያንን እያስጨነቁ ያሠሯቸው የነበሩት የፈርዖን ሰዎች በዕብራይስጥ ‹‹ኖግሲም›› ይባላሉ። አንዱ ‹‹ኖጌስ›› ነው።

ይህን ሁሉ ዓመት እስራኤል ኖሬ ልብ ብዬው አላውቅም። ነ፣ ገ፣ ሠ። ንጉሥ! ሠዋ እንኳ አልተሳሳተችም። በዕብራይስጡ ነጥቧ በግራ የሆነችው ፊደል፣ እኛ ልጅ ሆነን ‹‹ንጉሡ ሠ›› እያልን የቆጠርናት ናት። እኛ ዘውድ የጫንንለት ቃል እዚህ አለንጋ ይዞ ቆሟል። ዕዳ በግድ ማስከፈልም በኦሪት በዚያው ግስ ነው የተጻፈው።

ታዲያ ንጉሡን ምን ይሉታል? ‹‹መለኽ››። ይኼኛው ደግሞ የእኛ አምላክ ነው፤ መለከ፣ አምላክ፣ መለኮት። እነሱ ‹‹ማልኹት›› ሲሉ መንግሥት ማለታቸው ነው፤ እኛ መለኮት ስንል ቀና ብለን ወደ ሰማይ ነው። እዚህማ ቃሉ ረክሷል። ዕቃ ያሸከምከው ጎረቤት ‹‹አታ መለኽ››፣ አንተ ንጉሥ ነህ፣ ይባላል፣ ፈላፈል ጠባሹም ራሱን የፈላፈል ንጉሥ ብሎ ይሾማል።

በእኛም አገር ግን ‹‹ም-ል-ክ›› የሰው ማዕረግ ነበር። ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት፣ ከአክሱም በፊት የነበረው የዳማት መንግሥት ነገሥታት በሳባ ፊደል ባስቀረጹት ድንጋይ ላይ አለ። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ኢዛና ሲመጣ በግዕዙ ‹‹ንጉሠ ነገሥት››፣ በግሪኩ ‹‹ባሲሌውስ ባሲሌዎን›› ተብሎ ተጻፈ። ዐረቦቹ ‹‹ነጃሺ›› የሚሉትም ይኸው የእኛው ንጉሥ ነው። እንደኔ እንደኔ፣ አንደኛው ቃል ለፈጣሪ ተለቀቀና ሌላው ዙፋኑን ወረሰ።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ተረኩላት። ጎንደር ገጠር ያደገች ሴት ናት። ሽንኩርቷን መክተፉን እንኳ አላቆመችም።

‹‹ምኑ ነው የሚደንቅሽ? ጃንሆይስ ቢሆኑ ግብር ሳናስገባ መቼ አሳደሩን?››

ልጄ ከደብተሯ ቀና አለች። እናቴ ልጄን ከተወለደች ጀምሮ ‹‹የኔ ንግሥት›› እንጂ በስሟ ጠርታት አታውቅም።

‹‹ሳብታ (አያቴ)፣ እኔ ግብር ሰብሳቢ ነኝ ማለት ነው?››

‹‹ታዲያስ! በየሰንበቱ ማግስት 20 ሸቀል የምትቀበዪኝ ማን ሆነሽ ነው?››