ሁለት ሰዓት በወረፋ ወንበር ላይ

ዛሬ የእርግዝናዬ 26ኛ ሳምንት ነው፤ የእርግዝና ስኳር ምርመራ ነበረኝ። ከማታ ጀምሮ ምንም ሳልቀምስ ሄጄ 75 ግራም ግሉኮስ የተበጠበጠበትን ውሃ ጠጣሁ። ጣፋጭነቱ ጉሮሮዬ ላይ ተጣብቆ ቀረ። ከዚያ ሁለት ሰዓት መቀመጥ፣ በየሰዓቱ ክንድ መዘርጋት። ለሦስተኛ ጊዜ ደም ስሰጥ ልጄ በኃይል ረገጠኝ፤ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

በባዶ ሆዴ የተለካው የደሜ ስኳር 97 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሆነ፤ ወሰኑ 92 ነው። «ምን በልቼ ይሆን?» እያልኩ ራሴን ስወቅስ ነርሷ አጠገቤ ተቀመጠች። የእንግዴ ልጁ ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ሥራ እንደሚያዳክሙ፣ ጥፋቱ የእኔ እንዳልሆነ አስረዳችኝ። ይህን አስቀድሞ የሚነግረን ቢኖር ስንት ጭንቀት በቀረልን!

የስኳር መለኪያውን ይዤ ቤቴ ገብቻለሁ። ነገ ከቁርስ በፊት ጣቴን እወጋለሁ። በዚህ ያለፋችሁ እናቶች፣ እባካችሁ ጻፉልኝ።