ዘፋኙን ማን ያባርረዋል?

ሐዋሳ ውስጥ ዲጄ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት አለፈኝ። አሁን እሑድ እሑድ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ሐይቁ ዳር፣ ከፍቅር ሐይቅ ብዙ በማይርቅ ቤት እጫወታለሁ። የሚመጣው ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። አሞራ ገደል ዓሣ በልተው የሚመጡ ቤተሰቦች አሉ። የዩኒቨርሲቲ ልጆች አሉ። ጡረታ ወጥተው ቢራቸውን ቀስ ብለው የሚጠጡ አባቶችም አሉ። ሁሉንም በአንድ ምሽት ማስደሰት አለብኝ። የድሮና የአዲስ ዘፈን ማያያዝ የተማርኩት ለዚህ ነው። የተማርኩት ደግሞ ተሳስቼ ነው።

የመጀመሪያው ስህተቴ አንድ መልስ ላይ ነበር። ፕሮግራሙን ለሁለት ከፈልኩት። መጀመሪያ አንድ ሰዓት የድሮ፣ ቀጥሎ አንድ ሰዓት አዲስ። በድሮው ሰዓት ወጣቶቹ ውጭ ቆመው ስልካቸውን ነካኩ። አዲሱ ሲጀምር ትልልቆቹ ጋቢያቸውን አነሱ። አዳራሹ አንዴም ሙሉ ሳይሆን ሌሊቱ አለቀ። አንድ ቤተሰብ በእኔ ምክንያት ለሁለት ተከፍሎ ሲያመሽ ማየት ከበደኝ።

በሚቀጥለው ሥራ ተራ በተራ ላድርግ አልኩ። አንድ የድሮ፣ አንድ አዲስ። በዲጄ መሣሪያዬ በኮንትሮለሩ ላይ ሲንክ የሚለውን፣ የሁለት ዘፈን ፍጥነት በራሱ የሚያገጣጥመውን ቁልፍ ተጫንኩ። የድሮው ዘፈን 98 ቢፒኤም፣ ማለትም በደቂቃ 98 ምት ነበር፣ አዲሱ 112። ሲንኩ የድሮውን ጎትቶ 112 ላይ ሰቀለው። ከመቶ 14 ያህል ፈጠነ ማለት ነው። እኔ ቢቱ ስለገጠመልኝ ደስ ብሎኛል። አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ መጡና በጆሮዬ፦ «ልጄ፣ ይሄን ዘፋኝ ማን ያባርረዋል?» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ዘፈኑን በራሱ ፍጥነት ሰማሁት። እውነታቸውን ነው። ዘፋኙ ቃሉን ከለቀቀ በኋላ ድምፁን የሚያርገበግብበት ቦታ አለ። ያቺ ቦታ በእኔ ጨዋታ ጠፍታለች። ትንፋሽ የሚወስድበትም ጊዜ የለም። ትልልቆቹ የሚወዱት ያንን ነው፤ እኔ ደግሞ ቆርጬ የጣልኩት ያንኑ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሕግ አለኝ። የድሮው ዘፈን ፍጥነቱን ይወስናል፣ አዲሱ ይከተለዋል። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ተለክቶ የተሠራ ነው። ሦስትና አራት በመቶ ባዘገየው ማንም አያውቅብኝም። የድሮው ግን ባንዱ አንድ ክፍል ውስጥ አብሮ ሆኖ የቀዳው ነው። ሙዚቃ አሳታሚው አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ ከጀመረ በኋላ የወጡትን ሸክላዎች ስሙ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሮሃ ባንድ ያጀባቸውን ካሴቶች ስሙ። ድራመሩ ዘፋኙን ያያል፤ ዘፋኙ ሲሞቅ እሱም ይሞቃል። እኔ ጋ ያለ አንድ ዘፈን 98 ላይ ጀምሮ 103 ላይ ያልቃል። ድሮ ይህን እንደ ጉድለት ቆጥሬ በሶፍትዌር ለማስተካከል ሌሊቱን አድሬያለሁ። አሁን አልነካውም። መግቢያውንና መጨረሻውን ለየብቻ እለካለሁ፤ ቀጣዩን የማስገባው መጨረሻው ላይ ባለው ፍጥነት ነው።

እለካለሁ ስል ግን በእጄ ነው። ችክችካ የምንለው ምት ሶፍትዌሩን ያሳስተዋል። በአንድ ዙር ውስጥ ስድስት ፈጣን ምቶች አሉ፤ ጭብጨባችን በየሦስቱ ላይ ይወድቃል። ሶፍትዌሩ ብዙ ጊዜ በየሁለቱ ይቆጥራል። ስለዚህ እግራችን 100 የሚለውን እሱ 150 ይለዋል። ዘፈኑን ከፍቼ፣ ዓይኔን ከስክሪኑ ላይ አንስቼ፣ እያጨበጨብኩ ቁልፉን እነካለሁ። ቁጥሩ የሚስተካከለው ያኔ ነው።

ሌላው ጣጣ ካሴት ነው። አባቴ ያስቀመጠው ሁለት ካርቶን ካሴት አለኝ። ወደ ኮምፒውተር ስገለብጠው የቴፑ ላስቲክ ላልቶ ስለነበር ሁሉም ትንሽ ዘግይቶ ገባ። ፍጥነት ሲወርድ ድምፁም አብሮ ይወርዳል። ስድስት በመቶ ገደማ ሲዘገይ ግማሽ ድምፅ ሙሉ ይወርዳል። ሦስት በመቶ ከሆነ ደግሞ በኪቦርድ ላይ ካለ ከየትኛውም ድምፅ ጋር የማይገጥም፣ መሀል ላይ የተንጠለጠለ ነገር ይሆናል። ከአዲስ ዘፈን ጋር ስደርበው ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ ይወጣ የነበረው በዚህ ነው። አሁን መጀመሪያ ከኪቦርድ ጋር አስተያይቼ ፍጥነቱን ወደ ቦታው እመልሳለሁ። ይህን ሳላደርግ አንድም የካሴት ዘፈን ለሕዝብ አላጫውትም።

ቅኝት ላይ፣ ዜማው በሚሠራባቸው ድምፆች አደራደር ላይ ማለት ነው፣ ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ትልቁን ለውጥ ያመጣልኝ እሱ ነው። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ሜጀርና ማይነር ብቻ ነው። የእኛን አንቺ ሆዬ ወይም አምባሰል ቅኝት ሲሰጡት ያገኘውን ስም ይለጥፍበታል። እኔም ስክሪኑን አምኜ ሁለቱን ስደርብ ተጣልተው ይወጡ ነበር። አንድ ክራር ተጫዋች ወዳጄ ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ሁለት ዘፈኖች ሁለቱም ትዝታ ሜጀር ከሆኑና መነሻቸው አምስት ድምፅ ተራርቆ ከሆነ፣ አንዱ ከሲ (C)፣ ሌላው ከጂ (G) ይነሳል እንበል፣ ከአምስቱ ድምፅ አራቱ አንድ ናቸው። ይዋደዳሉ። ትዝታና አንቺ ሆዬ ግን ከአንድ መነሻ ቢነሱም ይጋጫሉ። አሁን እያንዳንዱን የድሮ ዘፈን ሰምቼ ቅኝቱን በስሙ ጎን ጽፌያለሁ። ብዙ ወር ፈጅቶብኛል። አዲሶቹም ላይ አደረግኩት። የዛሬ ልጆች ከባዱን ቤዝ ስር አድርገው ላዩ ላይ የሚያዜሙት ያንኑ ባቲና ትዝታ መሆኑን ያየሁት በዚህ ነው። ሃምሳ ዓመት የሚራራቁ ሁለት ዘፈኖች ዜማቸው ሲገጥም አዳራሹ ውስጥ «እህ» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ከ98 ወደ 112 እንዴት ይኬዳል? በአንድ ዝላይ አይኬድም። መሀል ላይ በኪቦርድና በድራም ማሽን የተሠሩ ዘፈኖች አሉን። ብዙ ዲጄ ይንቃቸዋል። እኔ በጣም እወዳቸዋለሁ። ድምፃቸው ለድሮው ይቀርባል፤ ምታቸው ግን እንደ አዲሱ አይዛነፍም። በአራት አምስት ዘፈን፣ በየዘፈኑ ሁለት ሦስት ቢፒኤም እየጨመርኩ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሳይታወቅ እወጣለሁ።

ከአዲሱ ወደ ድሮው መመለስ ነው የሚከብደው። ችግሩ ቤዝ ነው። ሰው ደረቱ በቤዝ ሲመታ ቆይቶ የካሴት ዘፈን ድንገት ሲገባ ቤቱ ባዶ የሆነ ይመስለዋል። ድሮ የካሴቱን ጌን፣ የድምፁን መጠን ማለት ነው፣ ወደ ላይ እገፋ ነበር። የሚመጣው ግን የክሩ ሹሹታ ነው። አሁን አዲሱ ዘፈን ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ቤዙን በጣም ቀስ ብዬ እቀንሳለሁ። ጆሮ ይለምደዋል። ከዚያ የድሮው ሳክስፎን ሲገባ ትልቅ ሆኖ ይሰማል። ሁለት የሚዘፍን ድምፅ አንድ ላይ አላስገባም። የአዲሱን ጭብጨባ ብቻ ሉፕ አድርጌ፣ ማለትም እንዲደጋገም አድርጌ፣ የድሮውን የመሣሪያ መግቢያ ስምንት ጭብጨባ ያህል ላዩ ላይ አስኬዳለሁ፤ ይበቃል።

ሐዋሳ ስለሆንን ሲዳምኛና ወላይትኛ ሳይዘፈን ምሽት አያልቅም። በፍቼ ጨምበላላ ሰሞንማ አይታሰብም። እዚህም ድልድዬ ጭብጨባና ከበሮ ነው። ዜማው ባይገጥምም እግር ከእግር ከገጠመ ሰው ይከተላል።

ባለፈው እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ አዲስ ዘፈን እየጨፈሩ ከነበሩት ልጆች ስር ያንን 98 ላይ የሚጀምረውን የካሴት ዘፈን አስገባሁ። ማንም አልተቀመጠም። ጥግ ላይ የነበሩ አንድ አባት መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ትከሻቸውን አንቀሳቀሱ። አንዲት ተማሪ ወደ እኔ መጥታ «ይሄ ማነው? አዲስ ነው?» አለችኝ። ስልኳን ተቀብዬ የዘፋኙን ስም ጻፍኩላት። ከዚያ ማዳመጫዬን መልሼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩ፤ ባንዱ መሞቅ ጀምሮ ነበር፣ ቀጣዩን 103 ላይ ማዘጋጀት ነበረብኝ።